አባዬ የአጥሩን ድንጋይ የተሸከመ ለታ

እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ ነው በሰው እርቅ ውስጥ ጥልቅ ያልኩት? ገና ጥርሴን ለውጬ ሳልጨርስ፣ አፍንጫዬን በቀሚሴ ጫፍ እየጠረግኩ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ላግባባ ብዬ መሐል ገባሁላችሁ። ዛሬ ሳስበው ያቺን ልጅ ጆሮዋን ይዤ «አንቺ፣ ማን ጠራሽ?» ማለት ያምረኛል። ደግሞ አትጠራጠሩ፣ ትመልስልኝ ነበር። አፍ እንደሆነ ያኔም አላነሰኝም።

ነገሩን ያስታወሰኝ ሣር ነው። ባለፈው ሰሞን ከኮንዶሚኒየማችን ፊት ለፊት፣ የመንገዱ መሐል ላይ ያለውን ሣር ልጆቹ በዚያ በሚጮኸው ማጨጃቸው ሲላጩት፣ ሌሊት ዝናብ ጠጥቶ ስላደረ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ ኩሽናዬ ድረስ ገባ። እኔ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር። ማማሰያውን እንደያዝኩ በረንዳ ወጥቼ ቆምኩ፣ ቆምኩ፣ ሽሮው አረረ። የልጅ ልጄ መጥታ አየሩን ምጥጥ አድርጌ ስስብ አየችኝና «እማማ፣ ሣር ታሸቻለሽ እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔን የሸተተኝ ሣር አይደለም። አባ ጀማል ነው የሸተተኝ፣ አደ ሐሊማ ናት፣ በቁሙ የፈረሰው የጥቁር ድንጋይ አጥራችን ነው።

ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። ደርግ ከገባ በኋላ ነው፤ ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ እኔ ዓመት የምቆጥረው በታረደ በግ ነው። እኛ ከመንዝ ወርደን የመጣን ነን። አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር፣ አስፋልቱ ዳር ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ከአቧራው ጋር ሲታገል የሚውል። ከሰዓት በኋላ ያ የናዝሬት ነፋስ ሲነሳ ነጭ ጨርቅ ይዞ የመጣ ሰው ቡናማ ሱሪ ተሰፍቶለት ነበር የሚሄደው። እማዬ ደግሞ ደጋ የለመደች ሴት ስለሆነች ላብ በጀርባዋ እየወረደ እንኳ ጋቢዋን አልጥልም ትል ነበር፤ ብርዱ ተደብቆ እንጂ የቀረ አይመስላትም።

ጎረቤታችን አባ ጀማል ከደራ የመጣ አርሲ ነው፣ ጋሪ ነጂ። ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረው። ሚስቱ አደ ሐሊማ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ሴት ነበረች፤ እኔን ባየችኝ ቁጥር «ኢንተለ ኮ» ትለኛለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። በሁለታችን ግቢ መሐል ያለው አጥር ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረደረ፣ ጭቃ ያልነካው ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ልጅና ሳህን የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። በዚያ ቀዳዳ ወተት ይመጣል፣ በርበሬ ይሄዳል፣ እኔ እመላለሳለሁ።

ኦሮምኛውን የለቀምኩት በዚያ ቀዳዳ ነው፣ ከልጆቻቸው ጋር ስራገጥ። አደ ሐሊማ አማርኛ አታውቅም፣ እማዬ ኦሮምኛ አታውቅም፤ ግን አጥሩ ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ ሲያወሩ ነበር የሚውሉት። እማዬ ስለ መንዝ ውርጭ በአማርኛ ታወራለች፣ አደ ሐሊማ ስለ ደራዋ ላሟ በኦሮምኛ ታወራለች፣ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዳንዴም አብረው ያለቅሳሉ። ግራ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ሁለቱንም የምሰማው እኔ ብቻ ነኛ፤ ወሬያቸው ፈጽሞ አይገናኝም። እማዬን «እሷ እኮ ስለ ላም ነው የምታወራው» ስላት «አውቃለሁ፣ ዝም በይ» ትለኛለች። ምኑን እንደምታውቀው እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

ጠቡ የመጣው በፓፓያ ነው። አባዬ ፓፓያ የሚባል ነገር ያየው ናዝሬት ከመጣ ወዲህ ስለሆነ፣ ችግኙን አፍልቶ በአጥሩ ሥር ተክሎት እንደ ልጅ ያየው ነበር። ጠዋት ጸሎቱን ያደርስና እሱን ይጎበኛል። አንድ ቀን ዳማ ከጋሪው ተፈቶ፣ የአጥሩን ዝቅ ያለ ቦታ በደረቱ ገፍቶ ገባና ችግኙን ከነሥሩ ነጨው። አባዬ የጨርቅ መለኪያ እንጨቱን ይዞ ወጣ፣ ፈረሱን ፊቱ ላይ ሾጥ አደረገው። በእሱ ቤት ከብት መታ። አርሲው ደግሞ ፈረሱ ፊት ላይ ሲመታ እሱን ራሱን በጥፊ እንደመቱት ነው የሚቆጥረው፤ ይሄን እኛ በምን እንወቅ? አባ ጀማል መጥቶ አባዬን ኮሌታውን ያዘና ገፈተረው። አባዬ ችግኙ በነበረበት አፈር ላይ ተቀመጠ። ኮቱ ከብብቱ ሥር እስከ ወገቡ ተተረተረ። በዕድሜ አባዬ ይበልጣል፤ ትልቅ ሰው መግፋት በእኛም በእነሱም ነውር ነው፣ ስለዚህ አባ ጀማል የገፋበትን እጁን እያየ ፈረሱን ስቦ ወጣ። በዚያው ቀዳዳው በእሾህ ተዘጋ፣ ወተቱም ቀረ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጊዜ ይፈታው ነበር። ቀበሌ ሰማ። ማን እንደነገረ አይታወቅም፤ ያኔ የሚነግር አይጠፋም። ከመንገዱ ማዶ ደጃፏ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እትዬ ዘነበች የምትባል ጎረቤት ነበረችን፣ ምላሷም ሽንኩርት ነው፤ ሰው ሁሉ እሷን ጠረጠረ፣ እሷ ደግሞ ሰውን ሁሉ ጠረጠረች። ብቻ አንድ አብዮት ጥበቃ መሣሪያውን እንዳንጠለጠለ መጥቶ ለሁለቱም ደጃፍ ላይ «እሁድ ከስብሰባ በኋላ ጉዳያችሁ ይታያል፣ ሰፈር የሚያውክ ይታሰራል» ብሎ ሄደ።

እናንተ ልጆች «ይታሰራል» ሲባል ምን እንደሆነ አታውቁትም። ያኔ ሰው በፈረስ ነገር ይገባና በሌላ ነገር ሲቆይ አይተናል፤ የገባበትን ይረሱትና ሌላ ይፈልጉለታል። አባዬ እራት መብላት ተወ። በአጥሩ ወዲያ ማዶም አባ ጀማል ጋሪውን ሳይጠምድ ይውል ጀመር። እማዬ ስታነባ፣ አደ ሐሊማ ስታነባ በአጥሩ በኩል ይሰማል፣ አሁን ግን አብረው አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው። ሁለቱም ወንዶች ከእሁድ በፊት መታረቅ ፈልገዋል። ሁለቱም መጀመሪያ አፍ መክፈት አቅቷቸዋል።

ቀድሞ የተነሳው አባ ጀማል ነው። አንድ ቀን አባዬ ስፌቱ ላይ እያለ፣ ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌዎች ከደጃችን ቆሙ፤ አባ ጀማል ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሁሉም በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል፣ ከወንዝ ዳር የመጣ የሚመስል፣ ለምለም ሰርዶ። አይናገሩም። ቆመው ያያሉ። እማዬ ጋቢዋን አጠበቀችና እኔን ከኋላዋ ጎተተችኝ። ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ ጀመረ፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ። ሲናገሩ እንደ ዘፈን ነው፣ ረጅም፣ የሚወዛወዝ።

«ምን ይላሉ?» አለችኝ እማዬ።

የእኔ ኦሮምኛ የሩጫና የብይ ኦሮምኛ ነው። የሽማግሌ ንግግር ሰምቼ አላውቅም። ግን ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ ስለዚህ ኮራ ብዬ «እርጥብ ይሁን፣ አይድረቅ ነው የሚሉት» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ያንኑ ነው ያሉት። አንድም አልጨመርኩ፣ አንድም አልቀነስኩ።

እማዬ ፊቷ በራ። ለፋሲካ የገዛነው በግ ግቢያችን ውስጥ ታስሮ ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። «ተጣልተን እንኳ ለበጋችን አሰቡልን» ብላ ሣሩን ከእያንዳንዳቸው እጅ በሁለት እጇ፣ ጉልበቷን ሸብረክ እያደረገች ተቀበለች። እንዳይደርቅ ተብሏልና ሮጣ ውኃ አመጣችና ረጨችበት። ከዚያ ወስዳ ለበጉ ጣለችለት።

ሽማግሌዎቹ ቆመው በጉን አዩት። በጉ ያኝካል። እነሱ ያያሉ። አንደኛው፣ ጢሙ ረዘም ያለው፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አላወቅኩም። አባ ጀማል ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ዞረው ሄዱ። ከጊዜ በኋላ አደ ሐሊማ ነገረችኝ፣ እርጥብ ሣር ይዞ ደጅህ የቆመ ሰው እርቅ ለመነ ማለት ነው፣ ሣሩም ቃሉ ነው። እኛ ቃሉን በውኃ አርሰን ለበግ አበላነው።

እማዬ ማታ ለአባዬ ስትነግረው ደስታዋ ልክ አልነበረውም። «እነሱ ይህን ያህል ከተዋረዱ አንተ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። አባዬም «ድንጋይ እሸከማለሁ» አለ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሳይናገር የተበዳዩ ደጅ ይሄዳል። ተበዳዩ ይቅር ካለ ድንጋዩን ከላዩ ላይ ያወርድለታል። እስኪያወርድለት ቀና አይባልም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባዬ ነጠላውን አደግድጎ ድንጋይ ፍለጋ ግቢውን ዞረ። የናዝሬት ቀይ ድንጋይ ቀላል ነው፣ እንደ ዳቦ የተበሳሳ፤ አንዱን አንስቶ «በዚህማ ይስቁብኛል» ብሎ ጣለው። ደህና ክብደት ያለው ጥቁር ድንጋይ ያለው አጥሩ ላይ ነው። አባዬ ልብስ ሲመርጥም እንዲያው ነው፣ ጥሩውን ካላገኘ አይነሳም። ከሥር ከመሠረቱ አንዱን ሰርስሮ አወጣ። ከላይ ያለው አጥር ግርር ብሎ ወረደ፣ አቧራው ተነሳ፣ አባዬ ግን ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ በዚያው በፈረሰው በኩል ጎንበስ ብሎ መራመድ ጀመረ።

እስቲ አሁን እናንተ አባ ጀማልን ሁኑ። ሣርህን ለበግ ያበላ ሰው፣ ፈረስህን የመታ ሰው፣ አጥርህን አፍርሶ፣ ከአቧራው ውስጥ ትልቅ ድንጋይ ከፍ አድርጎ ይዞ ይመጣብሃል። አይናገርም። አባ ጀማል አለንጋውን አነሳ። ለጠያቂነት የመጡ ወንድሞቹም ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

እኔ በመሐል ሮጥኩ። በየትኛው ቋንቋ እንደጮህኩ አላስታውስም፤ ምናልባት ሁለቱንም ደባልቄው ይሆናል፣ ማንም አልሰማኝም። የሰሙት አደ ሐሊማን ነው። ከበሩ ጀርባ የሚቆም፣ ልጅ የማይነካው፣ እናቷ ለሰርጓ የሰጠቻት ቀጭን በትር ነበራት፣ ሲንቄ ይሉታል። እሱን ይዛ እልል እያለች ወጣችና በባሏና በአባዬ መሐል ቆመች። አርሲ ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከቆመች ወንድ አያልፍም፣ አባ ጀማልም አለንጋውን ይዞ ባለበት ቀረ። አባዬ ጎንበስ እንዳለ ያየው እግሯንና የበትሩን ጫፍ ብቻ ነው፤ በቃ፣ ልትደበድበኝ ነው አለ፣ ይገባኛል አለና ጀርባውን አመቻቸ። ከሰፈሩ ሌሎች የአርሲ ሴቶች እልልታውን ሰምተው እልል እያሉ መጡ። ይሄኔ እማዬ ከቤት ሆና እልልታ ሰማች። በእሷ ቤት እልልታ አንድ ትርጉም ነው ያለው። ታረቁ ብላ እሷም ከውስጥ አቀለጠችው።

አሁን አስቡት፤ አንዱ ድንጋይ ተሸክሞ ዱላ ይጠብቃል፣ አንዱ አለንጋ ይዞ መራመድ አቅቶታል፣ ሴቶቹ ግጭት ሊያቆሙ እልል ይላሉ፣ እማዬ እርቁን ልታደምቅ እልል ትላለች፣ እኔ መሐል ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ፣ ምንም አይገባኝም።

አብዮት ጥበቃው ደረሰ። መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ። ያኔ ሁላችንም አንድ ላይ ዝም አልን። ያቺን ዝምታ ማንም ማስተርጎም አላስፈለገውም።

«ምንድን ነው እዚህ? ማን ነው ማንን ሊመታ የነበረው?» አለ።

አባ ጀማል አለንጋውን መሬት ላይ ጣለ። ጠቡን ካመነ አባዬ ይታሰራል፣ እሱም ይታሰራል። አደ ሐሊማን አለፍ ብሎ አባዬ ጋ ሄደና ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራቱ ላይ አነሳለት።

«ማንም ማንንም አልመታም፣ ጓድ» አለ። «አጥር ፈርሶብን እየሠራን ነው። ሽማግሌው ድንጋይ እያቀበለኝ ነው።»

አባዬ ድንጋዩ ሲነሳለት በጉልበቱ ወደቀ፣ የአባ ጀማልን እግር ይዞ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

«እሱ ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?»

«ከብዶት ነው» አለ አባ ጀማል።

«እሷስ በትር ይዛ ምን ትሠራለች?»

ይሄኔ እኔ ዝም ልበል? «አጥሩን እየለካችበት ነው» አልኩት። አደ ሐሊማ አማርኛ አታውቅም፣ ግን አየችኝና ሲንቄዋን በፈረሰው አጥር ላይ ጋደም አድርጋ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ያንን የተከበረ በትር። ነፍሷን ይማር።

«እልልታውስ?»

እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። «ጎረቤት ሲረዳዳ እልል አይባልም እንዴ፣ ልጄ? ይሄው ጓድ ሊቀመንበራችን በኅብረት ሥሩ ሲል አይደለም እንዴ የሚውለው?»

ጥበቃው ልጅ ግራ ገብቶት ሁላችንንም አየን። ከዚያ «በርቱ» አለና ከፓፓያው አፈር አጠገብ ተቀምጦ ያየን ጀመር። አልሄድ አለ። ምን ይደረግ? ዱላ ይዘው የመጡት ወንድማማቾች ዱላቸውን አስቀምጠው ድንጋይ ማመላለስ ጀመሩ። አባዬ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ይደረድራል፣ አባ ጀማል ያቀብላል። እስኪመሽ ድረስ ሠሩ፣ ልጁም እስኪመሽ ድረስ አየ። እሁድ ስብሰባው ላይ ያው ልጅ ተነስቶ ስለ እኛ ሰፈር አጥር ተናገረ፣ ሊቀመንበሩ አስጨበጨበልን። አባዬና አባ ጀማል ጎን ለጎን ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ተጨበጨበላቸው። ክሱን ማንም አላነሳው።

ታዲያ ምን ሆነ ማለት ነው? እኔ እስካሁን አላወቅኩም። አባዬን ስጠይቀው «ድንጋዬን አወረደልኝ፣ ይቅር አለኝ» ይላል። አባ ጀማልን ስጠይቀው «አባትሽ አጥሬን አፍርሶ ነበር፣ መልሶ ሠራልኝ፣ አለቀ» ይላል። አደ ሐሊማ «ሲንቄዬ ነው ያቆማቸው» ትላለች። እማዬ ደግሞ እስክትሞት ድረስ ነገሩ ያለቀው ሣሩ የመጣ ቀን ነው፣ በጉም ሲታረድ የጣፈጠው በዚያ ሣር ነው ትል ነበር። አንዱ የሌላውን አልሰማም። እርቁ ግን ጸና፣ ቀዳዳውም ተከፈተ፣ አጥሩን ሲሠሩ ራሳቸው ሰፋ አድርገው ትተውት ነበር። አባ ጀማል የድንጋዩን ነገር ያውቅ ነበር? አያውቅም ነበር? በዚያች ቅጽበት ገብቶት ነው ወይስ መሣሪያው አስገብቶት? ሊሞት ሲል ደራ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩት። ሳቀና «እናትሽ ሣሩን ምን አድርጋው ነበር?» አለኝ መልሶ።

ዛሬ አጥሩ በነበረበት ቦታ ላይ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል። በዚያ ሲያልፉ ፀሐይዋ ዓይን ትወጋለች። በእኔ ደረጃ ላይ ያሉት ሁለት ጎረቤቶቼ አንድ ቋንቋ ነው የሚናገሩት፣ ያውም ጥርት አድርገው፤ በጫማ ማስቀመጫ ተጣልተው ይሄው ከርመዋል፣ ለአንዱ የሌላው እያንዳንዷ ቃል ገብታዋለች። ማንም ግን የማንም ደጅ ላይ ምንም ይዞ አልቆመም። ቢቆምስ በየትኛው በር? ሁሉም በስልክ ነው የሚነጋገረው። እኔም በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሣር ሲታጨድ አያለሁ፣ ልውረድና ትንሽ ልልቀም እላለሁ፣ ለማን እንደምሰጠው ግን ግራ ይገባኛል።

ያን እሁድ ከስብሰባው ስንመለስ አባዬና አባ ጀማል እንደ ሙሽራና ሚዜ ተያይዘው ሲሄዱ፣ እትዬ ዘነበች ሽንኩርቷን ከመላጥ ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦ «ሁለተኛ እንዳትታረቁ። ተጣልታችሁ በነበረ ጊዜ እኮ እልልታም የድንጋይ ግርግርም ሳይኖር ተኝተን እናድር ነበር።»